ሄደሽ በሯን አንኳኪ

ለምወድሽ ልጄ ለሚጡ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ እናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእማማም ወገብ ተሽሏቸዋል። ባለፈው በስልክ ያወራነው ነገር ከልቤ አልወጣ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። በስልክ ሲሆን አንቺ «እሺ እማዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ እኔም ልል ካሰብኩት ግማሹ ይጠፋኛል።

«ክፍላችን ውስጥ ከኔ በጣም የምትበልጥ ልጅ አለች፤ የሷን ሥራ ካየሁ ወዲህ እርሳስ ማንሳት አስጠልቶኛል» አልሽኝ። ቆየት ብለሽ ደግሞ «ለነገሩ ሥዕል ለማን ምን ይፈይዳል?» አልሽ። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው አሳሰበኝ። ንዴት ነገ ይበርዳል። ይህኛው ጥያቄ ግን መልስ ካላገኘ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

በዚህ መሀል ወንድምሽ «ሚጡ እይው ያለችኝ ፊልም ነው» ብሎ «ሉክ ባክ»ን ከፈተ፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አንቺ ስላየሽው ታሪኩን አበላሽብሻለሁ ብዬ አልሰጋም። 58 ደቂቃ ብቻ ነው። ካለቀ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ታሪኩን መጀመሪያ በማንጋ፣ ማለትም በጃፓኖች የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ የሠራው ታትሱኪ ፉጂሞቶ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021። በ2024 ደግሞ ኪዮታካ ኦሺያማ ወደ አኒሜሽን ፊልም አመጣው። ኦሺያማ ዳይሬክተር ሆኖ ሳለ ራሱም ቁጭ ብሎ ስሏል፤ የእርሳሱ ሻካራ መስመርም ሳይለሰልስ እንዳለ ይታያል። ስለ ሠዓሊ ልጆች የሚያወራ ፊልም የሠዓሊውን እጅ አለመደበቁ ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ፉጂኖ። የአራተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ለትምህርት ቤቷ ጋዜጣ ባለ አራት ሳጥን ካርቱን ትስላለች። ፊልሙ ሲጀምር ሌሊት ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታን ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳ ሐሳብ ታምጣለች። በኋላ የክፍሏ ልጆች ሲያደንቋት ግን አምስት ደቂቃ ብቻ እንደፈጀባት ትነግራቸዋለች። ወንድምሽ ሳቀ፣ እኔ ግን አንቺን ነው ያየሁት። መብራት አብርተሽ ስትሠሪበት ያደርሽውን ሥዕል «እንዲሁ ሞነጫጨርኩት» ብለሽ ነበር የምታሳዪን።

ከዚያ መምህሩ ከጋዜጣው ቦታ ለኪዮሞቶ እንድታካፍላት ይጠይቋታል። ኪዮሞቶ ትምህርት ቤት የማትመጣ፣ ከቤቷ የማትወጣ ልጅ ናት፤ ፉጂኖም ንቃታለች። ጋዜጣው ሲወጣ ግን ከኪዮሞቶ ሥዕል ጎን የፉጂኖ ተራ ሆኖ ታየ። ይህንንም አንድ ልጅ ሳያዝንላት አፍ አውጥቶ ተናገረው። የኪዮሞቶ ሥዕል ውስጥ ሰው የለም። ተማሪው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ጭር ያለው ትምህርት ቤት ነው የተሳለው፣ እያንዳንዱ ነገር ተለቅሞ። መሄድ ያቃታትን ትምህርት ቤት እንዲያ አድርጋ መሳሏ ሆዴን አባባው። ፉጂኖ ግን ያን ጊዜ ይህን የምታይበት ዓይን አልነበራትም፤ መበለጧ ብቻ ነው የታያት።

ቀጥሎ ያለውን እንድታስታውሺው እፈልጋለሁ። የሥዕል ማስተማሪያ መጻሕፍት ገዛች። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ስትስል በመስኮቱ ወቅቱ ይፈራረቃል፣ ልብሷ ይቀያየራል፣ የሞሉ ደብተሮች ይከመራሉ። ጓደኞቿ ተቀየሟት፣ እህቷም ይልቅ ካራቴ ተማሪ አለቻት። ስድስተኛ ክፍል ደርሳ አንድ ቀን ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አየችና በቃኝ ብላ ተወችው።

ሚጡዬ፣ ልጅቷ ያቆመችው ሰንፋ አይደለም፣ ችሎታ አንሷትም አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ስትስል ዓይኗ ያቺ የማታውቃት ልጅ ላይ ነበር። ለማን እንደምትስል ረስታዋለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ «ይህቺ ልጅ ማን ናት? ለምን አትወጣም? ብቻዋን ምን ትሠራለች?» ብላ አልጠየቀችም። አንቺም ስለዚያች ልጅ ስትነግሪኝ ጥላ አጣጣሏን፣ የጀበናውን ብልጭታ እንዴት እንዳወጣችው፣ መምህራችሁ ምን እንዳሏት አንድ በአንድ ነገርሽኝ። «የየት አገር ልጅ ናት?» ስልሽ ግን አላወቅሽም።

ትምህርት ሲያልቅ ፉጂኖ የኪዮሞቶን የምስክር ወረቀት እንድታደርስ ትላካለች። ቤቱ ሰው ያለበት አይመስልም። ስትገባ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ የሥዕል ደብተር ብቻ ነው፣ ተደራርቦ ተደራርቦ። እኔ እዚያ ጋ ነው ትንፋሼን የያዝኩት። እሷ በአንድ መስኮት ሥር ስትለፋ፣ ያቺም በሌላ መስኮት ሥር ያንኑ ስትለፋ ኖራለች! ፉጂኖም እዚያው ቁራጭ ወረቀት ላይ የሹፈት ካርቱን ሞነጫጨረች፣ ወረቀቱ ከእጇ አምልጦ በኪዮሞቶ ክፍል በር ሥር ገባ፣ ደንግጣ ሮጠች። ያቺ ከቤት የማትወጣ ልጅ ደግሞ በባዶ እግሯ ልትሆን ምንም አልቀራትም፣ እየሮጠች ተከተለቻትና «መምህር ፉጂኖ!» አለቻት፤ ጃፓኖች የማንጋ ሠዓሊን ሲያከብሩ እንዲህ ይላሉ። ከድሮ ጀምሮ ካርቱኖቿን ስትከታተል ኖራለች። የለበሰችው ጃኬት ጀርባ ላይ እንድትፈርምላት ለመነቻት። ከዚያም ስድስተኛ ክፍል ላይ ለምን እንዳቆመች ጠየቀቻት። ማቆሟን ያስተዋለችው፣ የቀረባት ነገር እንዳለ የተሰማት እሷው ናት፤ ያስቆመቻት ልጅ።

የዝናቡን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሽው ወንድምሽ ነግሮኛል። እኔም መልሼ መልሼ አየሁት። ፉጂኖ ወደ ቤቷ በእርሻው መሀል ትሄዳለች፣ መጀመሪያ ራሷን ተቆጣጥራ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው። ቀስ እያለ እርምጃዋ ይለወጣል፣ ክንዶቿ ይወናጨፋሉ፣ እግሯ ኩሬውን ይረግጣል፤ ደስታው መላ ሰውነቷን ሲወስዳት አንድ ቃል አይነገርም። ቤት ስትገባ ልብሷ ውኃ እያንጠባጠበ ቀጥታ ጠረጴዛዋ ጋ ሄደች። ያን ሁሉ መጽሐፍ ገዝታ ያላገኘችው ጉልበት ከአንዲት አንባቢ ተገኘ።

ከዚያ በኋላማ አብረው መሥራት ጀመሩ። ፉጂኖ ታሪኩንና ሰዎቹን፣ ኪዮሞቶ ደግሞ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን። የአንዷ የሌላዋን አይተካም፤ ፉጂኖ እንደዚያ ዓይነት ዛፍ አይወጣላትም፣ ኪዮሞቶም ሰው የሚያስቅ ታሪክ አትፈጥርም። «ትበልጠኛለች» ስትይኝ «በምኑ?» ብዬ ያልጠየቅሁሽ አሁን ቆጭቶኛልና እዚህ ልጠይቅሽ። በጥላ አጣጣል ትብለጥሽ። አባባ ሬዲዮናቸው እንቢ ሲላቸው በየትኛው ጎኑ እንደሚመቱት ግን ልትስል ትችላለች?

ወደዚህ እመለሳለሁ። በፊት ግን የመለያየታቸውን ነገር ላንሳ። ኪዮሞቶ ሥዕል መማር እፈልጋለሁ ብላ ወደ ሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትል ፉጂኖ ብቻሽን አትችይም እያለች ልቧን ልትሰብረው ሞከረች። እዚያ ላይ ተቀይሜያታለሁ። ልጅን ወደ ሌላ ከተማ የሸኘ ሰው ሁሉ የሚቀየማት ይመስለኛል። ኪዮሞቶ ግን እጇን ይዛ ካወጣቻት ልጅ እጅ ተላቃ በራሷ እግር መቆም ፈለገች፣ ሄደችም። ፉጂኖም ብቻዋን ሠርታ ታዋቂ ሆነች።

ከዚያ ያ ዜና መጣ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ሰው ተማሪዎች ላይ አደጋ ጣለ፣ ኪዮሞቶም ሞተች። ማንጋው የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2021 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 18 ቀን 2019፣ ኪዮቶ አኒሜሽን የተባለውን ድርጅት አንድ ሰው በእሳት አያይዞ 36 ሰው ሞቷል፤ እዚያ ቁጭ ብለው ሲስሉ የዋሉ ሰዎች። ብዙ የጃፓን አንባቢዎች ማንጋውን ሲያነቡ ያን ቀን ነው ያስታወሱት። ፉጂሞቶ ራሱም ገና ወጣት ሳለ፣ በ2011 አገሩን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ መትቷታል። በበጎ ፈቃድ ለመርዳት በአደጋው ወደተመታችው ኢሺኖማኪ ከተማ ሄዶ ነበር፤ ሰው በዚያ መከራ ውስጥ እያለ መሳሉ ከንቱ እንደሆነ ተሰምቶት እንደነበረ ጽፏል። ያንቺው ጥያቄ ነው እንግዲህ። የጠየቅሽው ሰነፍ የሚጠይቀውን አይደለም፣ በእኛም አገር የሆነውን እያየሽ ያደግሽ ልጅ ነሽና ይገባኛል።

ፉጂኖ ከቀብር በኋላ ያንኑ ኮሪደር ቆማበት ያቺን የድሮ ካርቱን አገኘቻት፣ ቀዳደደቻትም። «ይህን ባልስል ኖሮ ከክፍሏ አትወጣም ነበር፣ አትሞትም ነበር» ብላ ራሷን ከሰሰች። ፊልሙ እዚያ ላይ ሌላ ዓለም ያሳየናል፤ ኪዮሞቶ በሯን ያልከፈተችበት። እዚያም ቢሆን ኪዮሞቶ ትስላለች፣ እዚያም ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ይህን ስላሳየን ፊልም ሠሪዎቹን መረቅኋቸው። የሰው ልጅ በሐዘን ጊዜ ያደረገውን ያላደረገውን ሁሉ እያነሳ ጥፋቱን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ያቺን ልጅ ግን ሥዕሉ አልገደላትም፣ የገደላት ገዳዩ ነው።

«ምን ይፈይዳል» ለሚለውም ፊልሙ በንግግር አይመልስም። ፉጂኖ በአንድ ወቅት ማንጋ መሳል አድካሚ፣ አሰልቺ፣ ደስ የማይል ሥራ ነው ስትል ኪዮሞቶ «ታዲያ ለምን ትስያለሽ?» ትላታለች። መልስ የለም። የሚታየው የኪዮሞቶ ፊት ነው፦ ገጹን ይዛ ስትስቅ፣ ዓይኗ ሲፈጥ፣ ስታለቅስ። ለካ ያ ሁሉ ሌሊት ለዚያ ፊት ኖሯል።

አሁን ስለ አባባ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ የሳልሽውን ታስታውሻለሽ? በመጀመሪያው ሳጥን ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈውታል፣ በሁለተኛው በመዳፋቸው ግራ ጎኑን ይመቱታል፣ በሦስተኛው ተስፋ ቆርጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ በአራተኛው ሬዲዮው በራሱ ጊዜ ይጮኻል። እሳቸው ካረፉ በኋላ እማማ ከግድግዳው ላይ አንስተው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ፎቷቸው ሳሎን ተሰቅሏል፤ በትልቁ ታጥቦ፣ በከረባት፣ ኮስተር ብለው። እማማ ፎቶውን አያዩትም፣ «ይሄ ለመታወቂያ የተነሳው ነው» ይላሉ። ጠዋት ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ ያንቺን ወረቀት ይዘረጋሉ፤ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፣ አጥፈው ይመልሱታል። የመስመሩን ውፍረት አይተው አያውቁም። ለጎረቤት ሁሉ አሳይተዋል።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህ ነው። ወደዚያች ልጅ ሄደሽ በሯን አንኳኪ። ደብተርሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ ያን ሰው አያየውም ብለሽ የደበቅሽውን ጭምር። ያንቺን ሥራ ትከታተል እንደሆነ አላውቅም። ባትከታተልም ጥላውን እንዴት እንደምታወጣው ጠይቂያት፤ የምታውቀውን የሚጠይቀው ሰው የሚናፍቅ ብዙ ነው። አብራችሁ ባትሠሩም ግድ የለም። ብቻ ከሩቅ እያየሻት አትሸማቀቂ።

በአክስትሽ በኩል ወፍራም ወረቀትና እርሳስ ልኬልሻለሁ፣ ሽሮና በርበሬውም አብሮ አለ፤ ሲደርስሽ ደውዪልኝ። በዚያው የልጅቷን ስምና አገሯን ንገሪኝ። ቤተሰቦቿ ሩቅ ከሆኑ ለፋሲካ ይዘሻት ነይ፣ አልጋ አለ፣ እማማም እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል።

እናትሽ