«ሳትቸኩሉ» ተብሎ ስለተሸጠልን የባቱ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጉዞና አስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ እንደ ውሉ ስላልተፈጸመ የሳምንት መጨረሻ ጉዞ ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ከጥር 22 እስከ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ፣ ከጎረቤቶቻችን ባልና ሚስት ጋር ሆነን፣ በእናንተ አዘጋጅነት ወደ ባቱ ሄደን ተመልሰናል። ለአራታችን 128,000 ብር በባንክ ከፍለናል። እንደተመለስን በስልክ ያሰማሁት አቤቱታ «እናየዋለን እትዬ» ተብሎ ስለተዘጋ ይኸው በጽሑፍ አቀርባለሁ። ሥራዬ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ ደብዳቤው ቁጥር ቢበዛበት አይግረማችሁ።

በራሪ ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈው «ሳትቸኩሉ ሦስት ቀን፣ በወይን እርሻና በሐይቅ መካከል» የሚል ነበር። ቅሬታዬ በሙሉ የሚነሳው ከዚህ ዐረፍተ ነገር ነው። ወይን ጠጁማ ደሴም ኮምቦልቻም በየሱቁ ሞልቷል። ያን ያህል ገንዘብ ያወጣነው ላለመቸኮል ነበር።

ቀኑን የመረጥነው በዋዛ አይደለም። የእኔ ቤት ክርስቲያን፣ የጎረቤቶቻችን ቤት ሙስሊም ነው፤ በአንድ የግቢ በር ስንገባና ስንወጣ 19 ዓመት ሆኖናል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት አጋማሽ፣ በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ተከታትለው ይገባሉ፤ ከእነሱ በፊት ደግሞ ነነዌ አለ። ነነዌ ከመግባቱ በፊት ሁለቱም ቤት አብሮ ማዕድ የሚቀርብበት የመጨረሻው ሳምንት መጨረሻ ያ ነበር። ይህንንም ስንዋዋል ለሠራተኛችሁ ነግሬያታለሁ፤ ስቃ በቅጹ ላይ ጻፈችው።

ጎረቤታችን፣ አባወራው፣ ወይን ጠጅ በአፋቸው አያደርጉም። እሳቸውን ወደ ባቱ የሳባቸው ሐረጉ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተከሏት አንዲት የወይን ተክል አለች። ቅጠሏ ለጥላ ይበቃል፤ ፍሬዋ ግን በጣት የሚቆጠር፣ እሱም አፍ የሚያኮማትር ነው። ካስትል የተባለው የፈረንሳይ ወይን ጠጅ አምራች ባቱ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ከፈረንሳይ ቦርዶ የመጣ ችግኝ መትከል እንደጀመረ፣ በ2014 የመጀመሪያውን ወይን ለገበያ እንዳወጣ፣ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ ዝርያዎች እንዳሉት ሁሉ አንብበዋል። አንድ ነገር ግን አልገባቸውም ነበር። በአውሮፓ ወይን በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ባቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ የላትም። እንዲህ ባለ አገር ተክሉ በራሱ ስለማያርፍ ከርክሞ የሚያሳርፈውም፣ የሚያፈራበትን ወቅት የሚወስንለትም ሰው ነው። በየትኛው ወር? ስንት ዓይን፣ ማለትም አዲስ ቡቃያ የሚወጣበትን እብጠት፣ አስቀርቶ? ውኃውን መቼ ቀንሶ? ይህንን ከባለሙያ አፍ ለመስማት አዲስ ደብተር ገዝተው፣ 11 ጥያቄ በተራ ቁጥር ጽፈው ነበር የመጡት።

አሁን ወደ ጉዞው ልግባ። ውሉ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና ባቱ፣ ዓርብ ምሳ ሐይቁ ዳር ይላል። ረቡዕ ማታ ተደውሎ ትኬቱ «አልተሳካም» ተባልን። ጭራሽ እንዳልተቆረጠ የሰማሁት በኋላ፣ ከራሳችሁ አስጎብኚ ነው። ከሥራ ፈቃድ ተወስዶ፣ ሻንጣ ታስሮ፣ ልጆች አክስታቸው ዘንድ ተልከው ስለነበር በሚኒባስ እሺ አልን። ያን ጊዜ እንቢ አለማለቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ዓርብ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከኮምቦልቻ ተነሳን። ከሚሴን፣ አጣዬን አልፈን ሸዋሮቢት ላይ ለምሳ ቆምን። ውሉ ላይ «የምግብ ሁኔታ» በሚለው ሥር «ሁለት ጾመኛ፣ ሁለት ሙስሊም» ብዬ በእጄ ሞልቻለሁ። አስጎብኚያችሁ ለአራታችን አንድ ትልቅ ትሪ ጥብስ አዞ ጠበቀን። እኔና ባለቤቴ ዓርብ ስለሆነ አልነካነውም፤ ጎረቤቶቻችን በክርስቲያን እጅ የታረደ ስለሆነ አልነኩትም። አንድ ትሪ አራት ሰው በእኩል ሲያስጾም ያየሁት ያን ቀን ነው። ጎረቤቴ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፣ እኔም ተከተልኳት፤ ሽሮ እስኪደርስ ግን ሌላ 40 ደቂቃ ሄደ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከዋሻው አፍ ገብቶ የፊታችንን መኪና ጅራት እንኳ ማየት አልቻልንም። አዲስ አበባ በመጨናነቂያው ሰዓት ገባን። ባቱ የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። 13 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በአንድ ሾፌር! ልጁ ትሑትና ጠንቃቃ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት አንድም ነገር እንዳይደርስበት አደራ እላለሁ። ነገር ግን ከሞጆ ወዲያ ዓይኑ እየከበደው ስለነበር ባለቤቴ ጋቢና ገብቶ እስከ ባቱ ድረስ የድሮ ኳስ ጨዋታ ሲያወራለት፣ ሆን ብሎ ውጤቱን እያሳሳተ ሲያከራክረው አመሸ። ተለዋጭ ሾፌር ሳይመድቡ ይህን ያህል መንገድ ሰው መጫን የምቾት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ አራት ቤተሰብ ሊያስለቅስ ይችል ነበር።

ስለ ማረፊያው ብዙ አልልም። የተዋዋልነው የሐይቅ ዳር ሎጅ ነበር፤ ያደርነው አስፋልት ዳር፣ ሥሩ የሙዚቃ ቤት ባለበት ሕንፃ ላይ ነው። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አላቆመም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ወይን እርሻው ሄድን። ጎረቤታችን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ከሁላችንም ቀድመው ወረዱ። ጥበቃው የስም ዝርዝሩን ከላይ ወደታች፣ ከዚያ ከታች ወደላይ አየ። የድርጅታችሁም የእኛም ስም የለም። አስጎብኚው ስልክ ይዞ ራቅ አለ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ራቅ አለ። ቆይቶ እንደተረዳሁት ለጉብኝቱ ከቢሯችሁ ማንም አስቀድሞ አላስያዘም። እርሻው ምንም አላጠፋም፤ ያላስያዘ እንግዳ አላስገባ ማለቱ የሚወቀስበት አይደለም። እንዲያውም ጥበቃው የራሱን በርጩማ አምጥቶ ለጎረቤቴ ሰጣት፣ ውኃም አቀረበልን። ፀሐይ ላይ 55 ደቂቃ ቆምን።

ጎረቤታችን ከቆሙበት ሆነው ያያሉ። ሐረጉ በሽቦ ላይ ተወጥሮ፣ መስመሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተስተካክሎ ርቆ ይሄዳል። በእኛና በሐረጉ መካከል ቦይ አለ። ቦዩ ለምን እንደሆነ ጥበቃውን ጠየቁት፤ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ የተቆፈረ መሆኑን ነገራቸው። ይህን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው የአንዱን ሐረግ ቅርንጫፎች ከሩቅ ለመቁጠር ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ደብተሩን አጥፈው መኪና ውስጥ ገቡና «እንግዲህ አላህ ያላለው አይሆንም» አሉ። የተቆጡ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ሦስት ዓይነት ወይን ከባለሙያ ማብራሪያ ጋር» የሚለው ቅምሻስ? አስጎብኚያችሁ ከከተማው ሱቅ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ቀይ ወይን ገዝቶ መጣ። ጠርሙሱ ፀሐይ ሲመታው በዋለ የመኪና ኋላ ከተቀመጠ በኋላ በወረቀት የቡና ኩባያ ተቀዳልን። እንደ ሻይ ሞቋል። ማብራሪያውን የሰጠን የጠርሙሱ ልጣፍ ነው። ወይን ለማይጠጡት ሁለት ሰዎች በውሉ የገባችሁት የወይን ጭማቂ ደግሞ በአምቦ ውኃ ተተካ።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር የቆየነው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ ከሦስቱ ቀን ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን አጣጥፈው፣ ራሰ በራ አንገታቸውን ሰብረው፣ ልቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ። መርሐ ግብራችሁ ግን እዚያችው ሰዓት ላይ ቱሉ ጉዶ ደሴት ደርሶ መመለስን ደርቦባታል። ባለ ጀልባው ሲሰማ ሳቀ። ለመሄድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳም ደሴት የሚሄድ ሰው በጠዋት ነው የሚነሳው። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ያረፈችበት ነው የሚባለውን ደሴት በጠዋት ቢሆን ኖሮ እናየው ነበር፤ ጠዋቱ ግን ከበሩ ፊት ቆሞ አለቀ። መርሐ ግብሩን የጻፈው ሰው ሐይቁን በካርታ ላይ በጣቱ ለክቶ ይሆናል።

ጀልባው ሲቀር ቡና አስፈላን። አቦሉን ጠጥተን ጀበናው ለቶና ሲመለስ አስጎብኚው ሰዓቱን አሳየንና «እንነሳ» አለ። ቡና ላይ የተቀመጠን የወሎ ሰው ከቶና በፊት ማስነሳት ምን ማለት እንደሆነ ለኮምቦልቻ ድርጅት ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተቀስቅሰን ጉዞ ጀመርን። ምክንያቱ መኪናው ለሰኞ ሌላ ሥራ ስለተያዘ ነበር። ቁርስ አልበላንም። ኮምቦልቻ የገባነው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ከቤት ወጥተን እስክንመለስ 59 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። ከዚህ 27 ሰዓት ከ50 ደቂቃው መንገድ ላይ አለፈ። በሐይቁ ዳር ካሳለፍናት 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሌላ በወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን የሚመስል ጊዜ አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ በብር። በውሉ አባሪ ላይ ለአንድ ሰው የአውሮፕላን ትኬት 11,400፣ ጉብኝትና ቅምሻ 2,600፣ ጀልባ 1,500፣ የሁለት ሌሊት ማረፊያ 9,000 ብር ተቀምጧል። ያደርንበት ሆቴል የሁለት ሌሊት ዋጋ ለአንድ ሰው 4,200 መሆኑን ከእንግዳ መቀበያው ጠይቄ በደረሰኝ ወስጃለሁ፤ ልዩነቱ 4,800 ነው። ለአራት ሰው ሲባዛ ትኬቱ 45,600፣ ጉብኝቱና ቅምሻው 10,400፣ ጀልባው 6,000፣ ማረፊያው 19,200፣ በድምሩ 81,200 ብር ይሆናል። በሚኒባስ እሺ ብለን ስለተሳፈርን፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ለደርሶ መልሱ በነፍስ ወከፍ 2,000፣ ማለትም 8,000 ብር እቀንሳለሁ። የሚመለስልን 73,200 ብር ነው። ስለ ጥብሱ ምንም አልጠየቅኩም።

ቢሯችሁ በመልእክት የላከልኝን የ10 በመቶ ቅናሽ አልቀበልም። ቅናሹ ለቀጣዩ ጉዞ ሲሆን የሚያገለግለውም ከየካቲት 10 እስከ መጋቢት 10 ነው። ከላይ እንደጻፍኩት፣ ስንዋዋልም እንደነገርኳችሁ፣ ያ ወር ሁለቱም ቤት የሚጾምበት ነው። ይህን የሚያሳየው ቅጽ ፋይላችሁ ውስጥ አለ፤ የከፈተው ሰው ግን ያለ አይመስልም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ እንደሆነ ይናገራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ገንዘቡ በከፈልኩበት የባንክ ሒሳብ ተመላሽ ካልሆነ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ብንስማማ እኔም እመርጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ሠርግ ላይ እንገናኛለን።

ከገንዘቡ ሌላ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጎረቤታችንን 11 ጥያቄዎች ገልብጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ለጉብኝቱ አለማስያዛችሁ ነው ያለ መልስ ያስቀራቸው፤ ስለዚህ ለእርሻው ባለሙያ አድርሳችሁ መልሱን በጽሑፍ አምጡላቸው። በተለይ 4ኛውን አስቀድሙ፤ ስንት ዓይን ማስቀረት እንዳለባቸው ስላላወቁ መቀሱን ስለው አስቀምጠው እየጠበቁ ነው።

ከሰላምታ ጋር

የውሉ ፈራሚ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ ከነአባሪው፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የሆቴሉ ደረሰኝ፣ የጥያቄዎቹ ቅጂ 1 ገጽ

ግልባጭ፦ ለጎረቤቶቻችን