ክራሬን ለቃኛችሁልኝ

የፊታችን ሐሙስ ማታ፣ ከአምስት ወር በኋላ፣ መድረክ ላይ እወጣለሁ። ቀጥለው ያሉት ሁለት ሐሙሶችም የኛው ናቸው። ስለ ዝግጅቱ ወደ ታች እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ፖስተሩ ላይ ያልገባ አንድ ነገር አለ፤ ምስጋና። «ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በጅምላ ባልፈው ይቀለኝ ነበር። ግን በጅምላ የረዳኝ ሰው የለም። ሁሉም በየበሩ ነው የገባው።

ላልሰማችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ሥራ ጨርሰን ዕቃ እያወረድን ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። ደረጃው ላይ መብራት የለም። አምፖሉ ከተቃጠለ ሰንብቷል። በቀኝ ትከሻዬ ክራር፣ በግራ እጄ አምፕሊፋየር ይዣለሁ። እግሬ ደረጃ መስሎት ባዶ ረገጠ። ክራሩን በቀኝ እጄ ወደ ደረቴ ጥብቅ አድርጌ፣ አምፕሊፋየሩን ለቅቄ፣ ሲሚንቶውን በግራ መዳፌ ተቀበልኩት። ክራሩ ላይ አንድ ጭረት የለም። አምፕሊፋየሩም፣ ይገርማችኋል፣ ይሠራል። የተሰበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የመጀመሪያው ምስጋና በዚያ ማታ በር ላይ ለነበሩት ዘበኛ ነው። የአንገት ፎጣቸውን አውልቀው እጄን ከአንገቴ ጋር አሰሩልኝ። «አታንቀሳቅሰው ልጄ፣ እኔ ውትድርና ላይ ብዙ አይቻለሁ» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ፎጣው ታጥቦ፣ ተተኩሶ ቤቴ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሥራ ቀይረዋል አሉኝ። የሚያውቃቸው ሰው ይህን ካነበበ፣ ፎጣዎ ይጠብቅዎታል ይበልልኝ።

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳሁ። የክንዴ አጥንት የእጅ አንጓዬ ጋ ተሰብሯል። ሐኪሙ ጄሶውን ከማሰሩ በፊት ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። ክራር እመታለሁ አልኩት። «በየትኛው እጅ?» አለ። በሁለቱም አልኩት፣ ግን ዋናው ይሄ ነው። እንደገና ራጁን አንስቶ ወደ መብራቱ ወሰደው፣ ቆየ፣ ሌላ ሐኪም ጠራ። ያቺን ተጨማሪ አሥር ደቂቃ አልረሳትም።

እናቴ ወጌሻ ካላየው ብላ ነበር። ጎረቤቱም ሁሉ አንድ የሚያውቀው ወጌሻ አለው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጄሶውን እያየች አንድም ሰው ሳትጠራ መቆየቷ ለእሷ ቀላል አልነበረም። እማዬ፣ አመሰግናለሁ። ያሰብሽውን ሁሉ ግን ከፊትሽ አነብ ነበር።

ለምን ግራው ዋና ሆነ የሚለኝ ብዙ ሰው አለ። ክራር ሲመታ ዓይን የሚስበው ቀኙ ነው፤ እሱ ነዋ የሚንቀሳቀሰው። ግርፍ ላይ ግን ቀኙ የሚያደርገው አውታሮቹን በአንድ ላይ መግረፍ ነው። ግራው ከኋላ ሆኖ መሰማት የሌለባቸውን በጣቱ ያፍናል። ዜማው ካልታፈነው ነው የሚወጣው። ድርድር ላይ ደግሞ የግራው ጣቶች ራሳቸው አንድ በአንድ እየነኩ ይሄዳሉ። ግራ እጅ ከሌለ ክራር ስድስት ሰው በአንዴ የሚያወራበት ስብሰባ ይሆናል።

ባንዱ ያለ እኔ ሥራውን ቀጠለ። ይህ እንዳይቋረጥ ራሴ ነኝ የለመንኳቸው። ያልለመንኳቸው ነገር ደግሞ፣ በየሥራው ማግስት ድርሻዬን በፖስታ አድርገው መላካቸው ነው። «አልሠራሁም እኮ» ስላቸው ፒያኒስታችን «ቦታህ ባዶ ወንበር አስቀምጠናል፣ ወንበሩ ሠርቷል» አለኝ። ሰኔ ላይ የሙዚቀኞች ዕቁባችን ለድራመራችን ወጣ። ሲምባል ሊገዛበት ሁለት ዓመት ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ዕጣውን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ አሁንም በዚያው በተሰነጠቀው ሲምባል ነው የሚጫወተው። ሁለተኛው ሐሙስ ስትመጡ ስንጥቁን ትሰሙታላችሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን እናንተም ምን እንደሆነ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አሁን ክራሬን ወደ ቃኘችልኝ ልጅ።

ጄሶው ከተፈታ በኋላ እጄ የኔ አልመስልህ አለኝ። ቀጥኗል፣ ደርቋል፣ የበር እጀታ አያዞርም። ክራሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሐምሌ ነው። የክራር ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ናይለኑም ይለጠጣል፣ አውታሩ ሁሉ ይወርዳል። ለመቃኘት ደግሞ ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን አጥብቆ ማዞር ይጠይቃል፤ አንዱ እጅ ያዞራል፣ ሌላው ይነካል። አልቻልኩም። የተሰቀለ ክራር እያየሁ ድምፁ በየቀኑ እንደሚወርድ ማወቁ ከስብራቱ በላይ ያመኝ ነበር።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ አለች። አንድ ቀን ቻርጀር ልትዋስ መጣች።

«ጋሼ፣ ለምን አትጫወትም?»

«እጄ እምቢ አለኛ። መቃኘት እንኳ አልችልም።»

«እኔ ላዙርልህ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ በአፌ ድምፁን አወጣለሁ፣ እሷ ታዞራለች። ከፍ አድርጊው። ትንሽ። አለፍሽው። ተመለሽ፣ ተመለሽ፣ በቃ! «ስልክ ላይ እኮ አፕ አለ» አለችኝ። በጆሮሽ አልኳት። የመጀመሪያው ቀን ስድስት አውታር ለመቃኘት አርባ ደቂቃ ፈጀን። ቻርጀሩን ረስታው ሄደች።

በማግስቱ መጣች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት፣ ማለትም አንዱን የአውታሮች የድምፅ አሰላለፍ፣ ያዘች። ከዚያ ሁለት ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ ስታደርግ ማይነር እንደሚሆን ያወቀች ዕለት «ያው ቤት ሆኖ መብራት የጠፋበት ይመስላል» አለች። አሥር ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼው አላውቅም። ባቲ ከሚባለው ቅኝትም ጋር ተስማሙ። ያስቸገራት ከአምባሰል ቅኝት ወደ አንቺሆዬ ቅኝት መሻገሩ ነው። የሚነኩት ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በግማሽ ይወርዳል፣ ሌላው በግማሽ ይወጣል። እሷ ሁለቱንም አወረደቻቸው። የወጣው ነገር ስም የለውም። እኔ እየሳቅኩ ዝም አልኳት። ጆሮዋን ወደ ክራሩ አዘንብላ ቆየችና «ይሄኛው ተከፍቷል መሰለኝ፣ ላንሳው» ብላ አንዱን ከነበረበትም ከፍ አደረገችው። አንቺሆዬ ሆነ።

ክራሩ አንድም ሳምንት ሳይቃኝ አላደረም። ምስጋናዬ ሁሉ እዚህ ጋ ቢጠቃለል ደስ ይለኛል፣ ግን ሌሎችም አሉ።

ያስተማሩኝ ጋሼ አንዱ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሦስት ፎቅ በዱላ የሚወጡ። ሲመጡ «አሁን ሥራህ መስማት ነው» አሉኝና የድሮ ቅጂ የሞላበት ፍላሽ ሰጡኝ። የክራር ተጫዋቾቹ ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴ፣ አስናቀች ወርቁ። አስናቀችን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ይመስለኝ ነበር። እጄ ታስሮ ስሰማት ግን ሌላ ሰው ናት። እኔ ብሆን ክራሩን በግርፍ የምሞላው ቦታ ላይ እሷ ትተወዋለች። ድምፅዋ ይጠይቃል፣ ክራሩ ዘግየት ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያረፈችው፤ እኔ ገና ዘንድሮ ነው የሰማኋት። ከጌታቸው መኩሪያም ሳክስፎን ጋር ብዙ ሌሊት አሳልፌያለሁ። ሽለላና ፉከራን፣ የጦር ሜዳ ጩኸቱን፣ ወደ ሳክስፎን ያመጣው እሱ ነው። እንቅልፍ ለሌለው ሰው የሚመከር ባይሆንም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬ ስፖንጅ ስታስጨምቀኝ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። እኔ በልቤ ችክችካ እያደረግሁ ምት አዛባባታለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ታግሳኛለች። «ሲያምህ ተናገር፣ አርቲስት ነኝ ብለህ አትዋሽ» ትለኝ ነበር። ዋሽቻለሁ። ይቅርታ።

ባለቤቴን በአደባባይ ማመስገን አታስደፍርም። «ቤት ውስጥ ንገረኝ» ነው የምትለው። ነግሬያታለሁ። ብቻ አምስት ወር ሙሉ ሸሚዜን የቆለፈችልኝ እሷ ናት፤ ይሄን አንድ ይተውልኝ።

«አለቀልህ በቃ፣ ወደ ድምፅ ሥራ ዙር» ያልከኝ ወዳጄም አልረሳሁህም። ሐሙስ ከፊት ወንበር ይዤልሃለሁ።

እንግዲህ ስለ ዝግጅቱ። የመጀመሪያው ሐሙስ ክራርና እኔ ብቻ ነን። አራቱ ቅኝቶች በየተራ፣ አብዛኛው ዝግ ያለ። ለምን ዝግ አለ ብላችሁ ዘመናዊ ትርጉም አትፈልጉለት፤ የቀለበት ጣቴ ገና ፍጥነት ላይ አልደረሰም፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሐሙስ ከኳርቴቱ ጋር ነው፤ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ድራምና ሳክስፎን። ክራርን ከጃዝ ጋር ማስኬድ ያምራል እንጂ ቀላል አይደለም። ክራሬ አንዴ ከተቃኘ ያለው አምስት ድምፅ ነው፤ ስድስተኛው የአንዱ ድጋሚ ነው። ፒያኖው አሥራ ሁለቱንም ይዟል። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲጀምር የገባበት ጥያቄ ይሄው ነው፤ አምስቱን ከአሥራ ሁለቱ ጋር እንዴት ታኖራለህ? ፒያኖው አንድ ሀብታም ኮርድ ሲጨምር ያምራል። ሁለት ሲጨምር አንቺሆዬው አንቺሆዬ መሆኑ ይጠፋል። ፒያኒስታችንና እኔ በዚህ ስንት ጊዜ እንደተኳረፍን ድራመሩን ጠይቁት። ዘንድሮ ግን እጄ ታስሮ ልምምዳቸውን ከዳር ቆሜ ስሰማ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ልክ እንደነበረ ገባኝ። ይህን በጽሑፍ ያገኘው መጀመሪያው ጊዜ ነውና ያስቀምጠው።

በየዘፈኑ መሀል ቁጭ ብዬ ስቃኝ እንዳትሰለቹ ሁለት ክራር ይዤ እወጣለሁ። ሦስተኛው ሐሙስ መሲንቆና ዋሽንት ይጨመራሉ። እሱን ገና እየተለማመድን ስለሆነ ብዙ አልናገርም።

በር የሚከፈተው 12 ሰዓት ነው፣ የምንጀምረው 1 ሰዓት። ቀደም ብላችሁ ከመጣችሁ መድረኩ ላይ ክራር አቅፋ፣ ጆሮዋን አዘንብላ የተቀመጠች ልጅ ታያላችሁ። አሁን ራሴ መቃኘት እችላለሁ። ግን ሐሙስን ለእሷ ሰጥቻታለሁ። እስክትጨርስ ድረስ ወሬያችሁን ቀነስ አድርጉላት፤ አፕ አትጠቀምም። ቤተሰቦቿ የፈቀዱላት እስከ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት የሒሳብ ፈተና አለባት።