የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከምዕራብ አፍሪካው ተአምረኛ ፍሬ እስከ ዘጌው እሸ

ክበባችን በመስከረም የዓመቱን ርእስ ባስታወቀ ጊዜ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ቀርቦልናል። «የሚሠራ ማይክሮስኮፕ አንድ ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት፣ ያውም በአገራችን በማይታወቅ ፍሬ ላይ፣ የጂኖም ጥናት ምን ያደርግላችኋል?» የሚል ነበር። (ጂኖም ማለት በአንድ ሕያው ነገር ሴሎች ውስጥ በዲ ኤን ኤ የተጻፈው ሙሉ የዘር መረጃ ነው።) ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አልነበረም፤ ስለዚህ የዘንድሮውን ዘገባ የምጽፈው ለእርሱ መልስ እንዲሆን ነው።

የመረጥነው ተክል ሲንሴፓለም ደልሲፊከም ይባላል፤ በተለምዶ ስሙ «ተአምረኛው ፍሬ» ነው። መገኛው ከጋናና ከቤኒን እስከ ኮንጎ የሚዘልቀው ሞቃትና እርጥብ አካባቢ ሲሆን፣ ፍሬው የበሰለ ቀይ ቡና ይመስላል። ለብቻው ሲበሉት ይህ ነው የሚባል ጣዕም የለውም። ሥጋውን ምላስ ላይ አቆይተው ሎሚ ቢመጥጡ ግን ሎሚው ይጣፍጣል፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የአካባቢው ሰዎች በዚህ ፍሬ የኮመጠጠ ምግባቸውንና የዘንባባ መጠጣቸውን ያጣፍጡ እንደነበር አንድ ፈረንሳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1725 ታዝቧል። ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን ሚራኩሊን ተለይቶ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። 191 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት ይህ ፕሮቲን ራሱ ጣፋጭ አይደለም። የምላሳችንን የጣፋጭ ጣዕም ተቀባይ ይዞ ይቀመጥና፣ አሲድ ያለው ነገር ወደ አፍ ሲገባ ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል።

የተክሉ ጂኖም በክሮሞሶም ደረጃ ተነብቦ በቻይና ተመራማሪዎች የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ በ13 ክሮሞሶሞች (የዲ ኤን ኤ ጥቅሎች) ላይ ከ37 ሺህ በላይ ዘረመሎች ተለይተዋል። ተማሪዎቼን የሳበው ቁጥሩ አልነበረም። ሚራኩሊን የተገኘው ተክሎች ዘራቸውን ከነፍሳት ለመከላከል ከሚያመርቷቸው ፕሮቲኖች ቤተሰብ ነው፤ የዚሁ ቤተሰብ አባል በቡናችንም ውስጥ አለ፤ ቡና ግን ሎሚን አያጣፍጥም። ታዲያ በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ምን ተለወጠ? ጂኖም የሚነበበው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመለስ መሆኑን ከተረዱ በኋላ «ለምን ይህን እንማራለን?» ያለኝ ተማሪ የለም።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተካሂደዋል፤ ዝርዝራቸው በክበቡ መዝገብ ይገኛል። ሁለቱን ብቻ ላንሳ። በአንደኛው፣ ያለፈውን ዓመት የዚህን መጽሔት አንድ ገጽ በስምንት ቅጂ አባዝተን፣ እያንዳንዱን በተለያየ ቦታ ቆራርጠን ቀላቀልነው፤ ተማሪዎቹም ተደራራቢ ቃላትን እየፈለጉ ገጹን መልሰው ገጣጠሙት። ተደጋግሞ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር ጋ ሲደርሱ ቦታው ጠፋባቸው፤ ረጃጅም ቁራጮች ስንሰጣቸው ግን ተቃናላቸው። ጂኖምም የሚነበበው እንዲሁ በቁራጭ በቁራጩ ተነብቦና ተገጣጥሞ ስለሆነ፣ አንባቢዎቹ የሚቸገሩት በድግግሞሽ ነው፤ የሚረዳቸውም ረጃጅም ቁራጮችን ማንበብ ነው። በሁለተኛው፣ ከሙዝ ላይ ዲ ኤን ኤ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በጨውና በቀዝቃዛ አልኮል ለማውጣት ሞክረን፣ መብራት ጠፍቶ አልኮሉ ስላልቀዘቀዘ ሳይሳካልን ቀረ። በሳምንቱ ስንደግመው፣ በብርጭቆው ውስጥ እንደ ባዘቶ ያለ ነጭ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ አየን። ተአምረኛውን ፍሬ ራሱን ግን አልቀመስነውም፤ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ይበላሻል፣ ዘሩም ከደረቀ አይበቅልም።

ከዓመቱ ሁሉ በልቤ የቀረው የዘጌ ጉዞ ነው። ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ በግንቦት ወር በጀልባ የሄድነው እሸን ፍለጋ ነበር። እሸ የተባለው አገር በቀል ዛፍ፣ ልክ እንደ ቀረሮ ዛፍ፣ ከተአምረኛው ፍሬ ጋር በአንድ የተክል ቤተሰብ፣ በሳፖታሴ፣ ይመደባል። የገዳሙ አባት ምንም እንዳንቆርጥ አስጠንቅቀው ወደ ደኑ አስገቡን። እኔ የያዝኩትን ሥዕል ከቅጠሎች ጋር እያስተያየሁ ስቸገር፣ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከኋላዬ መጥቶ «መምህር፣ እርሱ አይደለም፤ እሸ ወተት አለው» አለኝ። አባን አስፈቅዶ ከሌላ ዛፍ አንድ ቅጠል ሲቀነጥስ ነጭ ጠብታ ወጣ። እኔም «ሾላም እኮ ወተት አለው» ብዬ ብሞግተው፣ «የሾላ ፍሬ ውስጡ ደቃቅ ነው፤ የእሸ ዘር ትልቅና የሚያብረቀርቅ ነው» ብሎ ከሥሩ አንድ ዘር አንሥቶ በመዳፌ ላይ አኖረልኝ። እኔ በመጽሐፍ ያነበብኩትን እርሱ ከብት ሲጠብቅ ያወቀው ነበር።

ቀጥሎም «መምህር፣ የዚህንስ ጂኖም ማን ያነብበዋል?» ሲል ጠየቀ። አባ ሰምተው «ምንድን ነው የሚነበበው ልጄ?» አሉት። «አባ፣ በዛፉ ውስጥ ጽሑፍ አለ። የተበታተነ ብራናን ቅጠል በቅጠል እያስተያዩ ወደ ቦታው እንደሚመልሱት፣ የእርሱንም ቁርጥራጭ ገጣጥመው ያነቡታል» አላቸው። አባ ዛፉን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔ በዓመት ውስጥ ከሰጠሁት ማብራሪያ ሁሉ የዚያ ልጅ የተሻለ ነበር።

የጤፍ ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን የተነበበውም «ፀደይ» የተባለው ዝርያ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከአቅማችን በላይ የሆነ ምኞት አይደለም። ሆኖም ያንን ንባብ ነገ የሚያከናውኑ ልጆች ዛሬ በማይክሮስኮፕ ማየት አለባቸው። ሠላሳ አራት አባላት በአንድ ማይክሮስኮፕ ተራ ሲጠብቁ ደወል ይደወላል። የጀልባውን ኪራይ የከፈሉት ወላጆች ናቸው፤ ክበቡ በዓመቱ ከትምህርት ቤቱ የተመደበለት በጀት ለወረቀትና ለፎቶ ኮፒ እንኳ አልበቃም። ስለዚህ የወላጅ ኮሚቴውንና የቀድሞ ተማሪዎቻችንን ሁለት ማይክሮስኮፖችና አንድ አነስተኛ ማቀዝቀዣ እንዲያግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባ ፈቅደውልን ያመጣናቸው የእሸ ዘሮች ከቤተ ሙከራው ጀርባ በተቆረጡ የውኃ ፕላስቲኮች ተተክለው፣ ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከ ገባበት ቀን ድረስ ስድስቱ በቅለዋል። ያ ተማሪ ክረምቱን ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ የሚያጠጣቸው ተረኛ መድበናል፤ ፍየል እንዳይደርስባቸው ግን ከሰኔ መጨረሻ በፊት አጥር ያስፈልጋቸዋል።