የጥይት ቀለህ መቀበል ስላቆምንበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በናስ ቤታችን በር ላይ የለጠፍናት ወረቀት ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋች ሰምተናል። «ከእንግዲህ ቀለህ አንቀበልም» ትላለች፤ ሌላ ምንም አትልም። ከጅጅጋና ከጭሮ ድረስ ጆንያ ጭናችሁ መጥታችሁ ከደጅ የተመለሳችሁ አላችሁ። ለድካማችሁና ላወጣችሁት የመኪና ሒሳብ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይጸናል። ምክንያቱን በአንድ መስመር ሳይሆን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

«ገንዘብ አገኙና ናቁን» የሚል ወሬም ደርሶኛል። እሱ አሞኛል፣ አልዋሽም።

ይህን ቤት የከፈተው አባቴ ነው። ድሬ የባቡር ልጅ አይደለች? እሱም ቶርኖ፣ ማለትም ብረት በማሽን እያዞሩ መቅረጽ፣ የተማረው ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጣ ጓሮው ውስጥ የከሰል ምድጃ ሠራና ናስ ማቅለጥ ጀመረ። ያኔ ናስ ከሱቅ አይገዛም፤ ቆራሌው ያመጣዋል፣ ደንበኛው ያመጣዋል። አባቴ ከሁሉ የሚወደው ቀለህ ነበር። እኔም ያደግሁት ቀለህ ስለይ ነው። ስለዚህ ቀለህ የናቅኩ እንዳይመስላችሁ።

የሚወደውም ያለ ነገር አይደለም። ደህና የጥይት ቀለህ ንጹሕ ናስ ነው፤ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ። ፋብሪካው ከናስ ሉህ ላይ ክብ ይቆርጥና በመጭመቂያ ማሽን እየገፋ፣ እየሳበ ያረዝመዋል። ናስ ደግሞ በተሳበ ቁጥር ይደርቃል፤ ዝም ብለው ቢቀጥሉበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመሃሉ እሳት ያሳዩታል፣ ይለሰልሳል። አዲስ ቀለህ አፉ አካባቢ ሰማያዊና ቡናማ ጥላ ካያችሁበት እድፍ አይደለም፤ የመጨረሻው እሳት የተወው ነው። ቂጡን ግን አያለሰልሱትም። ጥይቱ ሲተኮስ ግፊቱን የሚችለው እሱ ስለሆነ ጠንካራ መሆን አለበት። አባቴ ይህን ሁሉ ሲያሳየኝ ሌላ ሰው የወርቅ ቀለበት የሚያሳይ ነበር የሚመስለው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አንደኛ ነገር፣ ዛሬ በጆንያ የሚመጣልን አብዛኛው ናስ አይደለም። የክላሽ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ላዩን መዳብ ወይም ቫርኒሽ ይቀቡታል። ማግኔት ስናስጠጋበት ጥርቅም ብሎ ይያዛል። ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ግን ጣጣ ነው። «ናስ አስረክቤ ጎደለብኝ» ይባላል። ሚዛኑ ተጠርጥሯል፣ እኔም ተጠርጥሬያለሁ። እውነተኛው ናስም ቢሆን ሲቀልጥ ይቀንሳል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ይህ ናስ ሙሉ ለሙሉ እስኪቀልጥ 950 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከዚንኩ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ቀለህ ስስ ስለሆነ እሳቱ በሁሉም በኩል ያገኘዋል፣ ብክነቱም ይበዛል። ያ ጭስ በቀን የሳበውን ሠራተኛ ማታ ያንዘፈዝፈዋል፤ ወባ ነው ያልነው ስንት ጊዜ ነው። ወተት ጠጡበት ይባላል። ጠጥተናል። ጭሱ ግን ወተት አያውቅም።

ዋናው ይሄም አይደለም። ዋናው ቀለሁ ውስጥ ያለው ነው። ቂጡ መሃል አንዲት ትንሽ ክብ ቆብ አለች፤ ባሩዱን የምትለኩሰው እሷ ናት። የተተኮሰ ከሆነ መሃሏ ጎድጉዷል። ጎድጓዳ ከሌላት ገና አልፈነዳችም ማለት ነው። አንድ ጆንያ ሙሉ ቀለህ አንድ በአንድ ገልብጦ ቂጡን ማየት ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ዐይን ይሰለቻል፣ አንዷ ታመልጣለች። አንዷ አመለጠችና ማቅለጫው ውስጥ ፈነዳች። የቀለጠው ናስ ተፈናጥሮ ወጣቱ ሠራተኛችን ክንድ ላይ አረፈ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጭራሽ ያልተተኮሰ ጥይት ከነእርሳሱ ከጆንያ ሥር ያገኘንበትም ጊዜ አለ። አምጪው «አላየሁትም» አለ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ውኃም አለ። ከአፈር ተቆፍሮ የወጣ ቀለህ ሆዱ በጭቃ ይደፈናል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። እርጥቡ የቀለጠ ናስ ውስጥ ሲገባ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ሁሉንም ወደ ላይ ይረጨዋል። አባቴ ብረት ምጣድ ላይ ቀለህ ሲያሰጣ የዋለው ለዚህ ነበር። እሱ ትዕግሥት ነበረው፣ ጊዜም ነበረው።

ሕጉንም ሳልጠቅስ ባልፍ አይሆንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ጥይት በፈቃድ እንጂ በዘፈቀደ የሚያዝ ነገር አይደለም። ባዶ ቀለህ ጥይት ነው አይደለም ብዬ ከማንም ጋር አልከራከርም። ጆንያው ሥር ያልተተኮሰ ከተገኘ ግን የሚጠየቀው ባለ ቤቱ ነው፤ እኔ ማለት ነኝ። «ቀለሁን አጽድታችሁ፣ አፉን አስተካክላችሁ መልሳችሁ ባሩድ ሙሉልን» ያሉንም አሉ። አቦ፣ እባካችሁ! እኛ ሙቀጫና የበር እጀታ፣ የወፍጮ ቦኮላ (ዘንጉ የሚዞርበት የናስ ቀለበት)፣ የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል፣ የመስጊድ ጨረቃ የምንሠራ ሰዎች ነን።

ዋጋው ላይ ልምጣ። ቀለህ ስንተው ናስ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነ። ናስ ደግሞ በጅቡቲ በኩል በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ዶላሩ የት እንደደረሰ ለድሬ ነጋዴ አልነግረውም። ከሰሉ፣ መብራቱ፣ የቤት ኪራዩ በየፊናው ጨምሯል። ያም ሆኖ ሠራተኛ አልቀነስንም። የሙቀጫውንም ውፍረት አልቀነስንም። ሌላ ቦታ ረከስ ያለ አለ ትሉኛላችሁ፤ አለ። አንስታችሁ መዝኑት።

የሚገዛው ናስ ጥቅምም አለው። ለቦኮላ የምናመጣው ዘንግ እርሳስ የተጨመረበት ስለሆነ ቶርኖ ላይ ፍቅፋቂው እየተሰባበረ ይወርዳል። የቀለህ ናስ ግን ለመሳብ እንጂ ለቶርኖ አልተሠራም፤ ፍቅፋቂው እንደ ክር እየረዘመ ቢላዋው ላይ ይጠመጠማል። የወፍጮ ቤት ደንበኞቻችን ልዩነቱን አሁን እያያችሁት ይመስለኛል።

አሮጌ የቧንቧ ራስ፣ ቫልቭ፣ የበር እጀታ እንደ ድሮው እንቀበላለን፣ ከሒሳቡም እንቀንሳለን። ከእሱ ግን ሙቀጫ አንሠራም። የቧንቧ ናስ እርሳስ ስላለበት በርበሬና ቡና እንዲወቀጥበት አልፈልግም። ሙቀጫ የሚፈልግ እኛ በገዛነው፣ እርሳስ በሌለበት ንጹሕ ናስ ይሠራለታል።

ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ቀለህ አስረክባችሁ ደረሰኝ የያዛችሁ አትስጉ፤ ሥራችሁ በድሮው ዋጋ ያልቃል። በዚህ እኛ እንጎዳለን፣ ይሁን። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያልተለያችሁን አላችሁ፤ እናቶቻችሁ በኛ ሙቀጫ የወቀጡ አላችሁ። በአንድ ወረቀት ተቀያይመን እንድንቀር አልፈልግም። የከፋው ሰው በስልክ ከሚቆጣ ብቅ ይበል፣ ቡና አለ።

ጓሯችን ውስጥ ስም የተጻፈባቸው ያልተመዘኑ ጆንያዎች ቀርተዋል። ባለቤቶቹ እስከ ወሩ መጨረሻ መጥታችሁ ውሰዱልን። ስታነሱ ከኛ ልጅ ጋር ሆናችሁ ፈትሹት፤ ያልተተኮሰ ከተገኘ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ፖሊስ ጠርተን እናስረክባለን። ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ክፍት ነን። ከሰዓት ሙቀቱን ስለምታውቁት ምድጃ አናነድም።

ከአክብሮት ጋር፣
የናስ ቤቱ ባለቤት
ድሬዳዋ