ሾቶካን ሊቨርፑል ላይ እንዴት ሥር ሰደደ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢሆንም፣ የቤተሰቡን ወሬ ለሚቀጥለው ደብዳቤ አቆይቼ፣ በቀበሌው አዳራሽ አብረን ስንሠለጥን ደጋግመህ ታነሣው ስለነበረው ጉዳይ ልጻፍልህ፤ የጃፓኖች ካራቴ በሰው አገር እንዴት ጸና? አሁን የምኖረው ሊቨርፑል በመሆኑ የማወጋህ ከካራቴ ስልቶች አንዱ ስለሆነው ስለ ሾቶካን ነው፤ ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካራቴ እንግሊዝ የደረሰው በፈረንሳይ በኩል ዞሮ ነው። እንግሊዛዊው ቬርነን ቤል ፓሪስ ካራቴ ከሚያስተምሩት ከአንሪ ፕሌ ዘንድ ተምሮ በ1957 የአገሩን የመጀመሪያ የካራቴ ፌዴሬሽን አቋቋመ። ነገሩ መልክ የያዘው ግን በ1965 ሾቶካንን የሚያስተምረው የጃፓን ካራቴ ማኅበር አሠልጣኞቹን ካሴን፣ ካናዛዋን፣ ኤኖዳንና ሺራይን ለትርኢት ወደ አውሮፓ በላከ ጊዜ ነው። በእኔ አስተያየት ከትርኢቱ ይልቅ የሚበልጠው ከጭብጨባው በኋላ የሆነው ነው። ሺራይ ሚላኖ፣ ካሴ ደግሞ ኋላ ፓሪስ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ ካናዛዋ ለንደን ላይ ጥቂት ዓመታት አስተምረው ሄዱ፤ በ1963 የጃፓን ሻምፒዮን የነበሩት ኬይኖሱኬ ኤኖዳ ግን መጀመሪያ ሊቨርፑል፣ ኋላም ለንደን እያስተማሩ በ2003 እስኪያርፉ ድረስ እንግሊዝን አገሬ ብለው ኖሩ። «ነብሩ» ይሏቸው ነበር፤ ፎቷቸውን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

እነዚህ ሰዎች ማኅበሩ በ1956 በጀመረው የአሠልጣኞች ኮርስ የታነጹ ስለነበሩ፣ ሚላኖም ሆነ ሊቨርፑል የሚሰጠው ካታ (በቅደም ተከተል የተቀመጠ የእንቅስቃሴ ልምምድ) እና የቀበቶ ፈተና አንድ ዓይነት ነበር። ጥቁር ቀበቶ ያገኘ የአገሬው ሰው በተራው በየሰፈሩ አዳራሽ እየተከራየ ያስተምር ጀመር፤ ከኤኖዳ ሞት በኋላም በ1966 የተመሠረተውን የታላቋ ብሪታንያ ካራቴ ኅብረት በዋና አሠልጣኝነት የተረከበው የሊቨርፑሉ ልጅ አንዲ ሼሪ ነው። በ1975 ሎንግ ቢች ላይ የብሪታንያ ቡድን በዓለም ሻምፒዮና የቡድን ፍልሚያ አንደኛ ወጥቶ ጃፓን ሁለተኛ ሆነች፤ ቡድኑ የልዩ ልዩ ስልቶች ልጆች ስብስብ ስለነበር ድሉን ለሾቶካን ብቻ መስጠት አግባብ አይመስለኝም።

ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሠልጣኙ በሊቨርፑል ቅላጼው በጃፓንኛ «ኢች» (አንድ) ሲል ሕፃናቱ እኩል ወደ ግራ ዞረው ዝቅ ብለው ይከላከላሉ፤ «ኒ» (ሁለት) ሲል በቀኝ እግር ገብተው በጡጫ ይመታሉ። የጀማሪዎቹ ካታ፣ ሄያን ሾዳን፣ መሆኑን ሳልነግርህ አውቀኸዋል። አንተስ ትሠራዋለህ? አዳራሹ አሁን በማን እጅ እንደሆነና እነማን እንደሚያሠለጥኑበት ዘርዝረህ ጻፍልኝ።

አክባሪህ ወንድምህ