ሪጽፋን አታስለቅሷት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ንጉሥ ሳኦል ቁባት ስለ ሪጽፋ ያወጣችሁትን አጭር ልብ ወለድ አነበብኩት። ጎረቤቴ ዓይኗ ስለደከመ ቡና ስንጠጣ ጋዜጣውን ጮክ ብዬ ነው የማነበው። እሷ ሙስሊም ናት፤ ታሪኩን ሰምታው አታውቅም ነበር። ስለ ሣራና ስለ አስቴር ሁሉም ይጽፋል። ሪጽፋን አስታውሳችሁ ስላወጣችሁልን እግዜር ይስጥልን።

ላላነበበ ሰው ልንገር። በዳዊት ዘመን 3 ዓመት ረሃብ ሆነ። ሳኦል በገባዖን ሰዎች ላይ ላፈሰሰው ደም ካሣ ተብሎ ከዘሩ 7 ወንዶች ተሰጡ፤ ተራራ ላይ ተሰቀሉ። ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ነበሩ። «እነሱ ምን አጠፉ?» አለች ጎረቤቴ። ምን ልበላት?

ቅር ያለኝ ጸሐፊያችሁ ሪጽፋን ከዳር እስከ ዳር ማስለቀሳቸው ነው። ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ነስንሳ፣ እንባዋ ማቁን እስኪያርሰው። ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 21ን ገልጣችሁ እዩት። ስለ እንባዋ አንድ ቃል የለም። ማቅ ወስዳ ድንጋይ ላይ ዘረጋች፤ ቀን ወፍ፣ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው ከለከለች ነው የሚለው።

እኔ ያደግኩት ቆቦ ሜዳ ነው። ማሽላው ሲያሽት ወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ወፍ ከፀሐይ ቀድሞ ነው የሚነሳው። ማማው ላይ ቆሜ ጅራፍ አጮሃለሁ፣ ወንጭፍ እወነጭፋለሁ፣ እጮሃለሁ። በዚህ ሳባርረው በዚያ ያርፋል። ለሽንት እንኳ ወርጄ ስመለስ አንድ ዛላ ባዶውን ቆሞ ይጠብቀኛል። ማታ ድምፄ ተዘግቶ ስገባ እናቴ «አብሽሪ» ብላ የሞቀ ውሃ ታጠጣኝ ነበር። ወፍ የሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብሎ አያለቅስም። ጊዜውስ የታል?

በ77 አባቴ ሞተ። የቀበሩት ሰዎች አቅም አልነበራቸውም፤ ጉድጓዱ ጥልቅ አልሆነም። እናቴ ጅብ እንዳያወጣው ፈርታ ሦስት ሌሊት መቃብሩ ጥግ አደረች። የዘይት ቆርቆሮና አንድ ዱላ ይዛ ነበር። እኔ ቤት ተኝቼ ቆርቆሮው ሲንኳኳ እሰማለሁ። ሲቆም ልቤ ቀጥ ይላል፤ ደግሞ ይጀምራል። ስታለቅስ ያየኋት ብዙ ቆይቶ፣ አገር ጥጋብ ከሆነ በኋላ፣ ሊጥ እያቦካች ነው። ለዚህ ነው ታሪኩ ያልዋጠልኝ።

ሌላው ወሩ ነው። መጽሐፉ ገብስ መታጨድ ከጀመረበት ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ጠበቀቻቸው ይላል። ጸሐፊያችሁ ገብሱን ኅዳር ላይ አሳጭደው ዝናቡን ሰኔ ላይ ያመጡታል። ይኼ እኮ የእኛ አገር ነው! እዚያ ገብስ የሚታጨደው በፋሲካ ሰሞን ነው። እኛ ክረምት ስንገባ እነሱ ጠብታ አያዩም፤ ዝናባቸው የሚጀምረው ወደ ጥቅምት ነው። በደንቡ ወቅቱን ጠብቆ ከዘነበ እንግዲህ ሪጽፋ ቋጥኙ ላይ ስድስት ወር ገደማ ቆይታለች። ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር የጋለ ድንጋይ፣ ዙሪያውን ጥንብ አንሳና ቁራ።

አንብቤ ስጨርስ ጎረቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ውሃ ማን ያቀብላት ነበር?» አለችኝ።

መልሼ አየሁት። መጽሐፉም አይልም፣ ጸሐፊያችሁም አላሰቡበትም። ብቻ ያደረገችውን ለዳዊት ነገሩት ይላል። እሱም ሰምቶ የሳኦልንና የልጁን የዮናታንን አጥንት አስመጣ፣ የተሰቀሉትንም አጥንት ሰበሰቡ። ሳኦልና ዮናታንም በሳኦል አባት በቂስ መቃብር ተቀበሩ። ግን ማን ነው የነገረው? አንዲት እዚያ የምትመላለስ ሴት ያለች ይመስለኛል። ከተሰቀሉት የአምስቱ እናት ትሆን? ወይ አንዷ የመንደሩ ሴት?

ጸሐፊያችሁ ሁለተኛ ክፍል ካላቸው ያቺን ሴት ያምጡልን። እኔ እንስራ ያሸክሟት ብዬ ነበር። ጎረቤቴ ግን ቅል ይሁን ትላለች፤ ያን ድንጋይ ለድንጋይ ሲወጡ እንስራ ይሰበራል።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ