የተራ መዝገቡን ይክፈቱልኝ

ለውጭ ምንዛሪ ቅሬታ ሰሚው ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ስለ ዶላር ተራዬ የምጽፍልዎ አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አራቱን መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀብሎኛል፤ ቅጂዎቹ እጄ ላይ አሉ። ያገኘሁት መልስ ግን «ይታያል» የሚል የቃል መልስ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤትዎንም ባንኩንም በስም አልጠራም፤ ጉዳዩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከእንግዲህ የምጠይቅዎት ግን ሰው እየሰማ ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ከአባቴ የወረስኳት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። በጥር 2016 ዓ.ም. የ18 ሺህ ዶላር ወረቀትና ፕሌት ላስመጣ ፕሮፎርማዬን ይዤ ባንክ ሄድኩ። ዶላር ያኔ በባንክ 57 ብር አልሞላም ነበር። ሙሉውን ያስይዙ አሉኝ፤ ከዘመድ ተበድሬ ጭምር 1 ሚሊዮን 20 ሺህ ብር አስያዝኩ። ዶላሩን የምጠብቅበት የተራ ቁጥር ተሰጠኝ። ብሬ ያለ ወለድ ተቆልፎ ተቀመጠ፤ እኔም በየሳምንቱ ተመላለስኩ።

በግንቦት፣ ከእኔ ሁለት ወር ዘግይቶ የተመዘገበ አስመጪ እዚያው ባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ፣ ተከፈተለት። ዕቃው ወረቀት ነው፣ እንደ እኔው። ዶላር ቀድሞ ከሚሰጣቸው ዕቃዎች የቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ ነው እንዳይሉኝ! ያኔ የነበረው መመሪያ ተራ በምዝገባ ቀን እንደሚጠበቅ ይደነግግ ነበር፤ ይህን እኔ ለእርስዎ ማስረዳት አልነበረብኝም። የመጀመሪያውን ቅሬታዬን ያስገባሁት በዚያው ሳምንት ነው። ያኔ ቢታይ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ወር ሳይሞላ 100 አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ ሲባል ተራዬ ደረሰ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የተደወለልኝ በታኅሣሥ 2017 ነው። ዶላሩ አለ፣ ግን በዕለቱ ምንዛሪ ነው፣ ከ125 ብር በላይ። ጭማሪው ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አለፈ። ያስያዝኩት ብር ግማሹን ዕቃ እንኳ አይገዛም።

ቢሮዎ ውስጥ አንድ ባለሙያ «ገበያው ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር፤ አዲስ ነገር የለም» አለኝ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ከጥቁር ገበያ እየገዛ ዋጋውን ቀድሞ ጨምሯል። እኔ ግን አልገዛሁም። ሕግ ይከለክላል ብዬ ወረፋ ጠበቅኩ። ሕግ የጣሰው ዕቃውን አስገብቶ ሸጦ ጨረሰ፤ የጠበቅኩት እኔ የብሩን መርከስ ሙሉውን ተሸከምኩ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የምንዛሪ ለውጡን አልቃወምም። አባቴ በ1985 ዓ.ም. መስከረም፣ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሲገባ፣ የሳምንት ወረቀት ብቻ እየገዛ አልፎታል። ገበያ ያመጣብኝን እኔም እችላለሁ። ከእኔ የተወሰደው ግን ተራዬ ነው።

ባለፈው የካቲት መቁረጫ ማሽኑ ላይ 19 ዓመት የቆመውን ሠራተኛዬን አሰናበትኩ። ሽርጡን አጣጥፎ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና «ወረቀት ሲገባ ትጠሩኛላችሁ» ብሎኝ ወጣ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሽርጡ አሁንም እዚያው ነው። ሁልጊዜ ደብተር የምናትምለት ትምህርት ቤትም ዘንድሮ ወደ ሌላ ሄደ፤ አልፈረድኩበትም።

የምጠይቀው ካሣ አይደለም፣ ቢያንስ ለጊዜው። ከጥር እስከ ሐምሌ 2016 ያለው የተራ መዝገብ ተከፍቶ፣ እኔ በተመዘገብኩበት ቀንና ከዚያ በኋላ ለማን ኤልሲ እንደተከፈተ በጽሑፍ ይነገረኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርዎ ላይ እገኛለሁ፤ የማስያዣ ደረሰኙንና አራቱን ደብዳቤዎች ይዤ።

የአራት ኪሎዋ ማተሚያ ቤት ባለቤት